የኋላ ወንበር ላይ የተሳፈረ ማድ ቤት

ባለቤቴ "ትሬለር እንግዛ" ማለት ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። በፒክአፕ የሚጎተተውን፣ አልጋም ምድጃም መታጠቢያም ያለውን ቤት ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ ስምንት ዓመት የጭነት መኪና ነድቼ፣ ተገላገልኩ ብዬ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ለእረፍት ስወጣም ልጎትት? በጭራሽ አልኩ። ልጆቹን ከጎኗ አሰለፈች። ሦስት ለአንድ ተሸነፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሻጮች ግቢ እየዞሩ የትሬለር ውስጥ ማየት ሥራችን ሆነ። አንድ ቀን ማድ ቤቱ መጨረሻ ላይ የሆነ፣ የኋላውን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የያዘ ትሬለር ውስጥ ገባች። ካውንተሩ በሦስት በኩል ይዞራል። ከሲንኩ በላይ የግድግዳውን ግማሽ የሚያህል መስኮት አለ። መሃል ቆማ አንዴ ዞር አለች። ምድጃ፣ ሲንክ፣ ፍሪጅ፣ ሁሉም እጇ ላይ ነው። "በቃ፣ ይሄ ነው" አለች። ከዚያ በኋላ ሌላውን ዓይነት ቀና ብላም አላየች።

ነገሩ ይገባኛል። የብዙዎቹ ትሬለሮች ማድ ቤት መሃል፣ መተላለፊያው ላይ ነው። አንድ ሰው ወጥ ሲያማስል ሽንት ቤት የሚሄደው ሁሉ ጀርባውን እየታከከ ያልፋል። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ልክ ወጥ ሲሠራ ሽንት ቤት የማይሄድ ሰው የለም።

የእኔ ዓይን ግን ታች፣ ጎማው ላይ ነበር። ምድጃው፣ ፍሪጁ፣ የእህል ቁም ሳጥኑ፣ የከበደው ነገር ሁሉ ከጎማው ወደ ኋላ ነው። በክፍለ ሀገር አውቶቡስ የሄደ ሰው ይህ አይጠፋውም። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ መሃል የተቀመጠው ይነቀነቃል፤ የኋላ ወንበር ያለው ጣራ ይመታል። "አንቺ ማድ ቤትሽን የኋላ ወንበር ላይ ልታሳፍሪው ነው" አልኳት።

"ተከራይተን እንየው፣ ከዚያ ታወራለህ" አለች።

ተከራየን። በሰኔ አጋማሽ፣ ለሰባት ቀን፣ ዴንቨር አጠገብ ካለችው ከአውሮራ ኮሎራዶ ወደ ዩታ። አምስት ነን፦ እኔና ባለቤቴ፣ የ13 ዓመት ሴት ልጃችን፣ የ8 ዓመት ወንድ ልጃችን፣ እና ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ የመጡት አማቴ።

ቀን 1፦ ከአውሮራ እስከ ፍሩታ

ባለቤቴ ከዋዜማው ጀምራ ማድ ቤቱን ሞልታዋለች። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ ዘይት፣ ብረት ድስት፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሁለት ካርቶን የታሸገ ውሃ። የተቦካ ሊጥ በባልዲ። "ቢያልቅስ?" ብላ ደግሞ 20 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት። አማቴ ከአዲስ አበባ በእጅ ሻንጣ አቅፈው ያመጧትን ጀበና በፎጣ ጠቅልለው የላይኛው ካቢኔት ውስጥ አስተኟት። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ አራት ብስክሌት ከትሬለሩ ጀርባ አንጠለጠልኩ።

የድሮ ልማድ አይለቅም፤ ሳልመዝን አልወጣም። የከባድ መኪና ማደያ ሚዛን ላይ አወጣሁት። ትሬለሩ 6,200 ፓውንድ። ከዚያ ውስጥ ፒክአፑ መንጠቆ ላይ የሚያርፈው 500 ብቻ። ስምንት በመቶ ማለት ነው። ደንቡ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ከዚያ ካነሰ ኋላው ከብዷል፤ ኋላው የከበደ ትሬለር ደግሞ ፍጥነት ሲጨምር እንደ ላም ጭራ ግራ ቀኝ ይላል።

ብስክሌቶቹን አውርጄ ፒክአፑ ላይ ጫንኩ። ዱቄቱን፣ ውሃውን፣ ብረት ድስቱንና ምጣዱን ከፊት አልጋው ሥር ከተትኩ። እንደገና ስመዝን ወደ 700 ገባ። አሁን ይሄዳል።

"ድስቴ አልጋ ሥር ከተኛ ማድ ቤቱ ምን ሊሠራልኝ ነው?" አለች ባለቤቴ።

እውነቷን ነው። የኋላ ማድ ቤት የመጀመሪያ ጉዱ ይሄ ነው። ሌላው ትሬለር የሌለውን ቁም ሳጥን ይሰጥሃል፤ ሞልተህ ግን አትነዳበትም።

አይ-70 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ወደ ምዕራብ ወጣን። የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ላይ ነው፤ ከእንጦጦም ይበልጣል። እዚያ ስንደርስ የልጆቹ የድንች ጥብስ ከረጢት እንደ ፊኛ ተነፍቶ ነበር። ከዋሻው ወጥቶ ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደው ቁልቁለት 7 በመቶ ነው። ፍሬን ላይ መተኛት የለም። ማርሽ ቀንሶ፣ ሞተሩን እያስጮኹ መውረድ ነው።

ምሳ ሰዓት አንድ ማረፊያ ላይ ቆምን። ሁለተኛው ጉድ እዚያ ወጣ። ይህ ትሬለር አንዱ ግድግዳው፣ ከነመመገቢያ ጠረጴዛው፣ ስትቆም በሞተር ወደ ውጭ ይወጣል፤ ስትነዳ ይገባል። ሲገባ ወደ ማድ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ ፍሪጁ ላይ ይደገፋል። ማረፊያው ጠባብ ነው፤ በቀኝም በግራም ከባድ መኪና ቆሟል። ግድግዳውን የት ላውጣው? ልጄ በሆዱ ተስቦ ለመግባት ሞከረና እግሩ ተቀርቅሮ ወጣ።

እንጀራው አምስት ሜትር ላይ እያለ ፒክአፕ ውስጥ ዳቦና ቆሎ በላን። አማቴ ጾም ናቸው። የሰኔን ጾም የቄስ ጾም ነው ብሎ የሚያልፈው ብዙ ነው፤ እሳቸው አንድ ቀን አያፈርሱም። ቆሎውን እየቆረጠሙ ወደ ኋላ ዞረው ትሬለሩን አዩት። "ይህን ሁሉ ቤት ጎትተን ቆሎ?" አሉ።

ማታ ፍሩታ ገባን። ከፊት ገብተህ በሌላ በኩል የምትወጣበት ቦታ ነበር የደረሰን። ለነጂ ምቹ ነው። የኋላው ትልቅ መስኮት ግን የሚያሳየው የጎረቤትን ፍሳሽ ቱቦ ነው። ባለቤቴ መጋረጃውን ዘጋችው።

ከዚያ የላይኛውን ካቢኔት ከፈተች። ፎጣው እንደተጠቀለለ ነው። ሲፈታ ጀበናዋ አንገቷ ተቀንጥሷል። ከአዲስ አበባ ዴንቨር በሰላም የመጣች ጀበና ከዴንቨር ፍሩታ ስትደርስ ተሰበረች። እኔ "ነግሬሽ ነበር" ልል አፌን ከፍቼ የአማቴን ፊት ሳይ ዘጋሁት።

"ይሁን፣ ክፉ ነገር ይዛ ትሂድ" አሉ።

ቀን 2፦ ሞአብ

ዛሬ ጥበብ ተማርን። ከመነሳታችን በፊት የሚሰበረውን ሁሉ ከላይኛው ካቢኔት አውርደን አልጋ ላይ፣ በብርድ ልብስ መሃል አደረግን። የሊጡ ባልዲ ሲንኩ ውስጥ ቁጭ አለ። ሲንክ ለባልዲ ጥሩ ወንበር ነው፤ አይንሸራተትም፣ ቢፈስም እዚያው ነው። እንቁላሉ ፒክአፕ ውስጥ፣ ልጄ ጭን ላይ ተሳፈረ። ከ12 አንዱም አልተሰነጠቀ።

ሞአብ በሰኔ ምድጃ ነው። ከሰዓት 38 ዲግሪ ደረሰ። አሁን ቦታችን ወደ ኋላ ተገፍቶ የሚገባበት ነው፤ የትሬለሩ ጀርባ ወደ ሜዳው ዞሯል፤ መስኮቱ ቀይ ገደል ያሳያል። ባለቤቴ ደስ አላት። ግን መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቀጥታ ሲንኩ ላይ ተቀመጠች። ማቀዝቀዣው ጣራው መሃል ነው፤ ቅዝቃዜው መኝታውን ያጠግባል፣ ማድ ቤቱ ጋ ሲደርስ ያልቅበታል። ምድጃ ሲጨመርበት የባለቤቴ ፊት በርበሬ መሰለ።

ሊጡ በሙቀቱ ገንፍሎ ክዳኑን ገፍቷል። ዛሬ ካልተጋገረ አበቃለት። ምጣዱን ሰካችው። አንድ እንጀራ ወጣ፣ ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው ላይ ልጄ ማይክሮዌቭ ውስጥ ፈንዲሻ አስገባ። ጭልም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ትሬለሩ የሚያስገባው መብራት 30 አምፔር ነው፤ በ120 ቮልት ሲባዛ 3,600 ዋት። ማቀዝቀዣው ግማሽ ያህሉን ይወስዳል፣ ምጣዱ የቀረውን። ለፈንዲሻ የተረፈ የለም። እንደ እድል ሆኖ ውጭ ያለው የመብራት ሣጥን ላይ ሌላ ባለ 20 አምፔር ሶኬት አለ። ምጣዱ ወደ ውጭ፣ የሽርሽር ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ማድ ቤቱ እንዲመች ብለን ትሬለር ተከራይተን ባለቤቴ ደጅ ላይ ጋገረች። የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ያያል። አንድ ሽማግሌ "ይሄ ትልቅ ፓንኬክ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ብዬ አለፍኩት፤ በ38 ዲግሪ የማስረዳት አቅም የለኝም።

ቀን 3፦ ዴድ ሆርስ ፖይንት

ጠዋት ሞአብ ላይ 40 ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሞላሁ። ዴድ ሆርስ ፖይንት ፓርክ መብራት አለው፤ ታንከር የምትሞላበት ውሃ ግን የለም። ይዘህ ትወጣለህ። 40 ጋሎን ውሃ 150 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በእኛ ትሬለር ታንከሩ ከጎማው ትንሽ ፊት ስለሆነ ጥሩ ነው፤ መንጠቆው ላይ ይጨምራል። ለኋላ ማድ ቤት ማካካሻ ሆነልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬ ሁለት ቀን አልቆየም፤ እመጣበታለሁ።

ቦታው ሰማይ ላይ ነው። ከገደሉ ጫፍ ቆመህ የኮሎራዶ ወንዝን 600 ሜትር ወደ ታች ታየዋለህ፤ እንደ እባብ ተጠምዝዞ ይሄዳል። ስሙ "የሞተ ፈረስ" ማለት ነው። ድሮ ከብት ነጂዎች የዱር ፈረሶችን እየነዱ ወደዚህ ገደል አናት ያስገቡ ነበር ይባላል። አንገቱ ጠባብ ነው፣ 30 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በቅርንጫፍ ያጥሩታል። አንድ ጊዜ ፈረሶቹን ትተው ሄዱ። ፈረሶቹም ወንዙን ከታች እያዩ በውሃ ጥም አለቁ። ታሪኩን ለአማቴ ስተረጉምላቸው ከንፈራቸውን መጠጡ። "ውሃ እያዩ!" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቧንቧውን ውሃ የሚቆጣጠሩት እሳቸው ሆኑ።

ቁጥጥር ያስፈልግም ነበር። የውሃ ማሞቂያው ኋላ፣ ማድ ቤቱ ጋ ነው። ለሲንክ ወዲያው ይሞቃል። ሻወሩ ግን ፊት፣ መኝታው አጠገብ ነው፤ ሙቁ እስኪደርስ ሁለት ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ይፈሳል። ለካሁት። አማቴ ሻወሩ ውስጥ ድስት አስቀመጡ። ለመታጠብ የገባ ሁሉ ድስቱን ሞልቶ ለዕቃ ማጠቢያ ያስረክባል።

የከሰዓቱን ቡና በደንብ ልንገራችሁ፤ የዚህ ማድ ቤት ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ነውና።

አማቴ ቡናውን አጥበው በመጥበሻ ምድጃው ላይ ጣዱት። ባለቤቴ ከጎናቸው ሽንኩርት ትከትፋለች። ልጃችን በሌላው ጎን ሲኒ ትደረድራለች። ሦስት ትውልድ ሴት በአንድ ማድ ቤት ውስጥ፣ ክርን ከክርን ሳይነካካ። ትሬለር ውስጥ ነው ይሄ የምላችሁ። ቡናው መንጣጣት ጀመረ፣ ጠቆረ፣ ዘይቱ ወጣ። ጭሱ ተነሳ። ማራገቢያው እዚያው ከምድጃው በላይ ያጉረመርማል እንጂ የሚስበው ነገር የለም። ኋላ ያለ ጭስ መሄጃ የለውም፤ ጥጉ ውስጥ ይከማቻል። የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ልጄ በመክተፊያው እያራገበ ከሥሩ ዘለለ። ጩኸቱ ያደነቆራቸው አማቴ መጥበሻውን ይዘው ዞር አሉ። ልማዱ ነውና መጀመሪያ ለእኔ፣ ቀጥሎ ለልጆቹ፣ ከዚያ ወደ ጣራው ከፍ አድርገው ለማስጠንቀቂያው ራሱ አሸተቱት። "በቃህ፣ አሸተትክ" አሉት።

የመኝታው በር ተዘግቶ ነበር። ማታ ስንተኛ አንሶላው የቡናም የሽንኩርትም ሽታ አልነበረውም። ከማድ ቤቱ እስከ አልጋው የትሬለሩ ርዝመት በሙሉ አለ። ማድ ቤቱ መሃል ቢሆን ኖሮ ትራሴ ወጥ ወጥ ይለኝ ነበር። ይህን አምኜ ተቀበልኩ፤ ጮክ ብዬ ግን አልተናገርኩም።

ጀበና የለም፤ ቡናው በትንሽ ድስት ፈላ። አማቴ ሲኒ ይዘው ከመስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ከመስኮቱ ወዲያ አጫጭር ዛፎች አሉ። ትኩር ብለው አዩ። "ይሄ ጥድ አይደለም እንዴ?" አሉ። ወጥቼ አንድ የወደቀ ቅርንጫፍ አመጣሁላቸው። በመዳፋቸው አሽተው አሸተቱት። ጥድ ነው። የዩታ ጥድና የእኛ ጥድ አንድ ወገን ናቸው። "የቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሸታል" ብለው ቅርንጫፉን መስኮቱ ላይ ሰኩት። እስከ መጨረሻው ቀን እዚያው ነበር።

ማታ ውጭ ቁጭ ብለን የከብት ነጂዎቹ ነገር ተነሳ። በእነሱ ዘመን ማድ ቤት የት ነበር? ከኋላ። እንደ ፈረንጆቹ በ1866 ቴክሳስ ውስጥ ቻርልስ ጉድናይት የተባለ የከብት ባለቤት አንድ የጦር ሠራዊት ሠረገላ ወስዶ ጀርባው ላይ ባለ ብዙ መሳቢያ ሣጥን ገጠመበት። ክዳኑ ሲወርድ ጠረጴዛ ይሆናል። ቻክ ዋገን ይሉታል። ወጥ ቤቱ ከሠረገላው ጀርባ ቆሞ ያበስላል፣ እረኞቹ ዙሪያውን ይበላሉ። በ1930ዎቹ የመጡት የእንባ ጠብታ የመሰሉ ትንንሽ ትሬለሮችም እንዲሁ ናቸው፤ የኋላው ክዳን ወደ ላይ ይከፈታል፣ ሥሩ ምድጃ አለ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ተቀምጣበት ከነበረው ተነሳች። "አየህ? ከጥንት ጀምሮ ነው።"

"በሬና በቅሎ በሰዓት 65 ማይል አይነዱም" አልኳት።

ቀን 4፦ እዚያው

አርችስ ፓርክ ሄድን። ዴሊኬት አርች የሚባለው የድንጋይ ቅስት ድረስ በእግር ወጣን፤ ደርሶ መልስ 3 ማይል ነው፣ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ልጆቹ ፎቶ ተነሱ፣ ተጨቃጨቁ፣ ተመለስን። አማቴ ከጥዱ ሥር ሆነው ዳዊታቸውን ሲደግሙ ዋሉ። እራት ላይ ሁለት ድስት ነበር፤ አንዱ የጾም ሽሮ፣ አንዱ ለልጆቹ ጥብስ። የእሳቸው ማማሰያ የኛን ድስት እንዳይነካ ካውንተሩ በቀኝና በግራ ተከፈለ። በጠባብ ማድ ቤት ይህ አይታሰብም።

ቀን 5፦ ወደ ካፒቶል ሪፍ

ጠዋት ሲንኩ አልወርድ አለ። ቆሻሻው ውሃ ወደ ላይ ተመልሶ ይታያል። ሞአብ ላይ እኮ ታንከሩን አፍስሻለሁ! ከትሬለሩ ሥር ተኝቼ ስፈልግ ሌላ ማፍሰሻ አገኘሁ፤ ወደ ኋላ፣ ብቻውን። ለካ ማድ ቤቱ የራሱ ታንከር አለው። የሻወሩ ሌላ፣ የሲንኩ ሌላ። አከራያችን ስለ ቴሌቪዥኑ ሩብ ሰዓት ሲያስረዳን ይህን አልነገረንም። መንገዳችን ላይ ነው፣ ግሪን ሪቨር ስንደርስ አፈሰዋለሁ ብዬ ተነሳሁ።

የሠራሁትን ስህተት አይ-70 ላይ ነው የተረዳሁት። ሁለት ቀን ሙሉ ከፊት ታንከር ውሃ እያወጣን ተጠቀምን። ውሃው የት ሄደ? ወደ ኋላ ታንከር። ከመንጠቆው በኩል ክብደት አንስተን፣ ድስት እያጠብን፣ ጭራው ላይ ስናስቀምጥ ከረምን ማለት ነው። ሚዛን ላይ ለፍቼ ያስተካከልኩትን ሲኒ በሲኒ አፈረስነው።

ከግሪን ሪቨር በፊት ነፋስ ነበር። አንድ ከባድ መኪና በግራ አለፈን። መጀመሪያ የነፋሱ ግፊት፣ ከዚያ መሳብ፣ ከዚያ የትሬለሩ ኋላ ወደ ግራ ሄደ። ተመለሰ። ወደ ቀኝ ሄደ፣ የበለጠ። መሪው በእጄ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር ሆነ። እዚህ ላይ ሰው ደንግጦ ፍሬን ይረግጣል፤ የሚገለብጠው እሱ ነው። እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ። መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። በእጄ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለውን፣ የትሬለሩን ፍሬን ብቻ የሚይዘውን መጭመቂያ ቀስ ብዬ ተጫንኩ። ትሬለሩ ከኋላ ተሳበ፣ ተዘረጋ፣ ቀጥ አለ። አራት ወይም አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው።

መኪናው ውስጥ ማንም አልተነፈሰም። አማቴ "በስመ አብ" ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ግሪን ሪቨር እስክንገባ በ50 ማይል ነዳሁ። የኋላውን ታንከር አፈሰስኩ፣ የፊቱን ግማሽ ሞላሁ። ከዚያ በኋላ ትሬለሩ እንደ በግ ተከተለኝ።

ባለቤቴ ብዙ ቆይታ "ማድ ቤቱ ነው?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ" አልኳት። ታንከሩን ሳላፈስ የወጣሁት እኔ ነኝ። ማድ ቤቱ መሃል ቢሆን ግን ይህን ያህል አይቀጣኝም ነበር፤ እሱንም ነገርኳት።

በ24 ቁጥር መንገድ ሃንክስቪልን አልፈን ካፒቶል ሪፍ ደረስን። የፓርኩ ካምፕ ቀድመው ለያዙት ነው፤ ሞልቷል። ከቶሪ ከተማ ወጣ ብሎ በነጻ የሚታደርበት የፌዴራል መሬት አለ። መግቢያው አፈር መንገድ ነው። ከአንድ ማይል አይበልጥም።

ያ አንድ ማይል በቃን። ትሬለር አፈር ላይ ሲሄድ አቧራው ከኋላው ተጠቅልሎ ይመለስና ጀርባው ላይ ይለጠፋል። በማራገቢያው ቀዳዳ፣ በፍሪጁ መተንፈሻ፣ ቧንቧ በሚያልፍበት ስንጥቅ ሁሉ ይገባል። መኝታ ቤቱ ንጹሕ ነው። ማድ ቤቱ ግን ካውንተሩ፣ ሲኒዎቹ፣ የዘይቱ ጠርሙስ፣ ሁሉም ቀይ። ልጄ በጣቱ ካውንተሩ ላይ ስሙን ጻፈ። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ያን ማታ ውጭ በላን፤ ሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

ቀን 6፦ ሁለተኛው ፍሩታ

ካፒቶል ሪፍ መሃል ፍሩታ የሚባል ሌላ ቦታ አለ። በኮሎራዶ የጀመርነውን ፍሩታ በዩታ ጨረስነው። በ1880ዎቹ የሰፈሩ የሞርሞን እምነት ተከታዮች የተከሉት የፍራፍሬ እርሻ እስከ ዛሬ ያፈራል፤ ፓርኩ ይንከባከበዋል። የእኛ እድል ቼሪ ነበር። ዛፉ ሥር ቆመህ የቻልከውን ያህል ብትበላ በነጻ ነው። ይዘህ ለመውጣት ከሆነ መዝነህ፣ ገንዘቡን ሣጥን ውስጥ ትከታለህ።

አማቴ ይህን ሕግ ሲሰሙ ሻሻቸውን አጠበቁ። መሰላል ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ቅርጫት የያዙት እሳቸው። "ያንን፣ ያንን የጠቆረውን" እያሉ አንድ ሰዓት አስወጡኝ። እዚያው ጊፎርድ ሃውስ የሚባል የድሮ ቤት ውስጥ ፓይ ይሸጣል፤ ልጆቹ ሁለት ሁለት በሉ። እሳቸው ቅቤ አለበት ብለው በቼሪያቸው ጸኑ።

ከሰዓት ባለቤቴ የኋላውን መስኮት ከፍታ አቧራውን ስትጠርግ ዋለች። ከአጠገባችን የሰፈሩት ጡረተኛ ባልና ሚስት ትሬለራቸውን አሳዩን። ማድ ቤታቸው መሃል ነው፣ ጠባብ። ሴትየዋ ምድጃዋን በዓመት ሁለቴ ብታበራው ነው፤ ሁልጊዜ ውጭ ይጠብሳሉ። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው የኋላ ማድ ቤት በከንቱ የሚጎተት ክብደት ነው። እኛ ግን በስድስት ቀን ምድጃውን ያላበራንበት ምግብ ሁለት ቢሆን ነው። ስንመለስ ባለቤቴ "የሷ ፍሪጅ ግን መንገድ ላይም ይከፈታል" አለች። ቆሎው አልተረሳትም።

ቀን 7፦ ወደ ቤት

ጨለማ ሳለ ተነሳን። የኋላው ታንከር ባዶ፣ የፊቱ ግማሽ፣ ድስቱ አልጋ ሥር፣ ሲኒው ብርድ ልብስ ውስጥ። ምሳውን ባለቤቴ ከመነሳታችን በፊት በአገልግል ፒክአፑ ውስጥ አስገብታለች። ማረፊያው ላይ ግድግዳውን ማውጣት አላስፈለገም፤ ሽሯችንን በእንጀራ በላን። ከግራንድ ጀንክሽን በኋላ ዝናብ ያዘን። ዋሻውን አልፈን አውሮራ ስንገባ አመሸን።

አከራያችን ማግስቱን መጣ። ዞሮ አየ፣ ሁሉን ከፈተ፣ በመጨረሻ ማድ ቤቱ ጋ ቆሞ አየር ሳበ። ምን እንደሚሸት ጠየቀኝ። በርበሬ ነው፣ ቡና ነው፣ ጥድም አለበት። ለጽዳት 75 ዶላር ጨመረብን።

ባለቤቴ እስከ ማታ በአሮጌ ፖስታ ጀርባ ላይ ስትስል ቆየች። ማድ ቤቱ አሁንም ኋላ ነው። የእህል ቁም ሳጥኑ ግን ወደ መሃል፣ ከጎማው በላይ መጥቷል። የሚገባው ግድግዳ በመኝታው በኩል ሆኗል። የላይኛው ካቢኔት ጠፍቶ በቦታው "ጀበና" የሚል ሣጥን ተስሏል፤ ከፍሪጁ ሥር፣ መሬት ላይ። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና በጣታቸው አንድ ቦታ ነኩ። "መስኮቱን አትቀንሺው" አሉ።

ቅዳሜ አንድ ያገለገለ ልናይ ቀጠሮ ይዘናል። ሜትር ይዤ እሄዳለሁ። ከጎማው እስከ ጀርባው ስንት እንደሆነ ሳልለካ ውስጡን እንዳላይ ለራሴ ምያለሁ።